አፕታመር፣ አንቲቦዲ ወይስ ፔፕታይድ? ለምርመራ ምስልና ለታለመ ሕክምና የቱን እንምረጥ

ደሴ ላይ ስለ አፕታመር፣ ከዲኤንኤ ወይም ከአርኤንኤ ተሠርቶ አንድን ፕሮቲን ለይቶ ስለሚይዝ ትንሽ ሞለኪውል፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የማስተርስ ርዕስ የሚያማርጡ የባዮቴክኖሎጂ፣ የፋርማሲና የላብራቶሪ ልጆች ናቸው። ሌሎቹ ቤታቸው የካንሰር ሕመምተኛ ያለባቸው ናቸው። "ጤነኛውን ሴል ሳይነካ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ የሚመታ አዲስ ነገር ተገኘ" የሚል ወሬ ስልካቸው ላይ ያነባሉ። ከዚያ "ይሄ ነገር እኛ ጋ ይገኛል ወይ?" ይላሉ። ጥያቄው አንድ ይመስላል፣ መልሱ ግን ለየቅል ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለምስል ከሆነ አፕታመር ከልብ ሊታይ የሚገባው አማራጭ ነው፤ በተለይ ትንሽ ሞለኪውል ላልተገኘለት ዒላማ (ሊያዝ ለተፈለገው ፕሮቲን)። ለካንሰር ሕክምና ከሆነ ዛሬ ላይ ሜዳው የአንቲቦዲና የትንንሾቹ ሞለኪውሎች ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ሆኖ ምርምር ለሚጀምር ሰው ደግሞ፣ ከሦስቱ መጀመሪያ እጁን ቢያስገባበት የምመክረው አፕታመርን ነው። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

አፕታመር አጭር፣ ነጠላ ክር ያለው የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ቁራጭ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 100 ኑክሊዮታይድ (የክሩ ፊደል) ነው። ዘር እንዲሸከም አይደለም የሚፈለገው፤ ቅርጹ ነው። ተስማሚ ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ሲገባ ክሩ ራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል። ያ ቅርጽ ከአንድ ፕሮቲን ገጽ ጋር ልክክ ካለ ይይዘዋል። የሚፈለገውን ቅርጽ ማንም ቁጭ ብሎ አይነድፈውም። ከብዙ ትሪሊዮን የዘፈቀደ ክሮች ውስጥ ዒላማውን የያዙት ይቀራሉ፣ ያልያዙት ይታጠባሉ፣ የቀሩት በፒሲአር ይባዛሉ፤ ይህ ደጋግሞ ይሠራል። ዘዴው ሴሌክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው አሳተሙት፦ ኮሎራዶ ላይ ክሬግ ቱርክና ላሪ ጎልድ፣ ቦስተን ላይ አንድሪው ኤሊንግተንና ጃክ ሾስታክ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንቲቦዲን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ ለመድኃኒትነት ሲፈለግ ሕያው ሴሎች ውስጥ ይመረታል። ፔፕታይድ ጥቂት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው። ከፔፕታይድም ያነሱ፣ በኬሚስትሪ ብቻ የሚሠሩ ሞለኪውሎች አሉ። ከዕጢ ጋር መጣበቅ ሁሉም ይችላሉ። ምርጫውን የሚወስነው ከተጣበቁም በፊት ከተጣበቁም በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው።

ለምስል፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቱ

ምስል ለማንሳት ሞለኪውሉ ላይ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተለጥፎ ይወጋል። ምርመራ ላይ የምናየው ምስል የልዩነት ጉዳይ ነው። ዕጢው ላይ ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ካለው መብለጥ አለበት። ዕጢው ምንም ያህል ቢበራ፣ ደሙም አብሮ ከበራ ሐኪሙ ምንም አይለይም። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ "የትኛው የበለጠ ይጣበቃል?" ብሎ ሲጀምር፣ እኔ "የትኛው ከደም ቶሎ ይወጣል?" ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ።

አንቲቦዲ ክብደቱ 150 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ኩላሊት አያጣራውም። ተራው የሰው አንቲቦዲ ደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት አካባቢ ነው። ለመድኃኒት ይህ በረከት ነው፤ ለምስል ግን መከራ ነው። ትራስቱዙማብ የተባለውን የጡት ካንሰር አንቲቦዲ ዚርኮኒየም 89 ለጥፈው ምስል ያነሱ ተመራማሪዎች፣ ጥሩ ምስል ያገኙት መርፌው ከተሰጠ ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ዚርኮኒየም 89 የተመረጠውም ግማሽ ዕድሜው 78 ሰዓት ስለሆነ፣ ያን ያህል ቀን መጠበቅ ስለሚችል ነው።

ይህን ወደ ወሎ ሰው ኑሮ አምጡት። የኒውክሌር ሕክምና ሲባል የእኛ ታካሚ የሚያስበው አዲስ አበባን፣ ጥቁር አንበሳን ነው። ሰኞ መርፌ ተወግቶ አርብ ምስል የሚነሳ ታካሚ፣ ከባቲ ወይም ከመርሳ የመጣ ቢሆን፣ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ መያዝ አለበት። አስታማሚም አብሮት ይከርማል። ጠዋት ተወግቶ ከሰዓት ምስል ተነስቶ በማግስቱ የሚሳፈርበት ምርመራ ለእሱ ሌላ ዓለም ነው። ይህ ከሞለኪውሉ ምርጫ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነገር ነው፤ ወረቀቶች ላይ ግን ብዙ አይነሳም።

አፕታመር እዚህ ላይ ይበልጣል። ኤስጂሲ 8 የተባለው ታዋቂ አፕታመር 41 ኑክሊዮታይድ ብቻ ነው። ክብደቱ 13 ኪሎዳልተን ገደማ ቢሆን ነው፤ የአንቲቦዲ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ዕጢ ውስጥ በፍጥነት ይሰርጋል። ያልተጣበቀው ደግሞ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ስለዚህ አጭር ዕድሜ ካላቸው ጨረር አመንጪዎች ጋር ይስማማል፦ ከጋሊየም 68 (ግማሽ ዕድሜው 68 ደቂቃ)፣ ከፍሎሪን 18 (110 ደቂቃ)፣ ከቴክኒሺየም 99ኤም (6 ሰዓት)። ኤስጂሲ 8 ፒቲኬ 7 የተባለ፣ በብዙ ዓይነት ካንሰር ላይ የሚበዛ ፕሮቲን ነው የሚይዘው። ቻይና ውስጥ በጋሊየም 68 ተለጥፎ ሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል።

አጭር ዕድሜ ግን ሌላ ዕዳ አለበት። እስቲ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመኪና ስምንት ሰዓት ያዙለት። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ጋሊየም 68 በዚህ ጊዜ ሰባት ጊዜ ይገመሳል፤ ደሴ ሲደርስ ከመቶ አንድ እንኳ አይቀረውም። ፍሎሪን 18 ከመቶ አምስት ገደማ ይቀረዋል። ቴክኒሺየም 99ኤም ግን 40 ገደማ ይዞ ይደርሳል። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ቢያርፍ ሁሉም ይሻሻላል፤ ቢሆንም ከአየር ማረፊያው ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እስኪገባ ያለውም ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ቀን ደሴ ላይ የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ቢከፈት፣ ለመነሻ የሚያዋጣው በቴክኒሺየም የሚሠራ ጋማ ካሜራ ነው ብዬ አምናለሁ። አለዚያ ደግሞ ጀኔሬተር መትከል ነው። የመብራቱን ጀኔሬተር ማለቴ አይደለም። ጋሊየም 68 ከወላጁ ከጀርማኒየም 68 እየተጠለለ የሚወጣበት ትንሽ መሣሪያ ነው። የወላጁ ግማሽ ዕድሜ 271 ቀን ስለሆነ፣ ሳይክሎትሮን (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚያመርት ትልቅ ማሽን) ሳይኖር ለወራት ያገለግላል። ከሁለቱም ጋር የሚሄደው ትንሹና ፈጣኑ ሞለኪውል ነው። አንቲቦዲ ከዚህ ሒሳብ ይወጣል።

"እንግዲያው አፕታመር አሸነፈ" እንዳትሉ። ፈጣኑ እሱ ብቻ አይደለም። የፕሮስቴት ካንሰርን የሚያሳየው ፒኤስኤምኤ 11 የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ከጋሊየም 68 ጋር በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ኒውሮኢንዶክራይን ለሚባሉት ዕጢዎች ዶታቴት የተባለው ፔፕታይድ በ2016 ተፈቅዷል። ሁለቱም ከአፕታመር ያነሱ ናቸው። ኑክሊዬዝ የሚባሉት ዲኤንኤና አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይሞችም አይነኳቸውም። ለፒኤስኤምኤ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ላይ ለሚበዛው ፕሮቲን፣ የተሠራ አፕታመር አለ፤ በ2002 የታተመ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ዛሬ አንድ ተማሪ መጥቶ "ፕሮስቴትን በአፕታመር ላሳይ" ቢለኝ፣ ምን ይጨምራል ብዬ እጠይቀዋለሁ። ቦታው ተይዟል። አፕታመር የሚያምርበት፣ ትንሽ ሞለኪውል ወይም ፔፕታይድ ያልተገኘለት ዒላማ ላይ ነው። በዚህ ላይ ሴሌክስ ዒላማው ምን እንደሆነ ሳይታወቅም በሙሉ ሴል ላይ ሊሠራ ይችላል። ኤስጂሲ 8 ራሱ የተገኘው እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ የደም ካንሰር ሴሎችን የሚይዝ ክር ተገኘ፣ የያዘው ፒቲኬ 7 መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ይህን ብልጫ እኔ ከሁሉም አስበልጬ ነው የማየው።

ዕጢው ያለበት ቦታም ይታሰብ። አፕታመርና ፔፕታይድ በኩላሊት ስለሚወጡ፣ ኩላሊትና ፊኛ ምስሉ ላይ ቦግ ብለው ይታያሉ። አጠገባቸው ያለ ትንሽ ዕጢ ሊሸፈን ይችላል። አንቲቦዲ በአብዛኛው ጉበት ላይ ስለሚጠራቀም፣ የጉበት ዕጢን ለማየት ያስቸግራል። ይህን ሳያዩ ሞለኪውል መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለሕክምና፦ ፍጥነቱ ዕዳ ይሆናል

ምስል ላይ ያመሰገንነው ፍጥነት ሕክምና ላይ ሲመጣ ይገለበጣል። መድኃኒት ዕጢው ጋ እንዲቆይ ነው የሚፈለገው። ያልታከመበት ተራ አርኤንኤ ደም ውስጥ ደቂቃዎች ከቆየ ብዙ ነው፤ ኑክሊዬዞች ይቆራርጡታል። ዲኤንኤ ትንሽ ይሻላል እንጂ እሱም ያው ነው። የተረፈውን ኩላሊት ያስወጣዋል።

መላ አለው። የክሩን ስኳር በፍሎሪን ወይም በሜቶክሲ መለወጥ፣ ጫፉን በተገለበጠ ቲሚዲን መዝጋት፣ ፔግ የሚባል ረጅም ፖሊመር መለጠፍ ይቻላል። 40 ኪሎዳልተን ፔግ ሲለጠፍ ኩላሊት በቀላሉ አያጣራውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ለውጥ ገንዘብ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መጣበቁን ያዳክማል። "አፕታመር ርካሽ ነው" የሚለው አባባል ለላብራቶሪ ሙከራ እውነት ነው። ሰው ውስጥ ለሚገባ፣ ለተሻሻለ፣ ፔግ ለተለጠፈበት ምርት ግን በደፈናው አይሠራም። ጽሑፎች ላይ "ዋጋው ከአንቲቦዲ ያነሰ" የሚል ስታገኙ የቱን ዋጋ እንደሆነ ጠይቁ።

ታሪኩንም እንየው። የመጀመሪያው የተፈቀደ የአፕታመር መድኃኒት ፔጋፕታኒብ ነው፤ በታኅሣሥ 2004 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለእርጥቡ የእርጅና የዓይን ሕመም፣ በየስድስት ሳምንቱ ዓይን ውስጥ የሚወጋ ነበር። የደም ሥር የሚያሳድገውን ቪኢጂኤፍን ይይዛል፤ ግን ከዓይነቶቹ መካከል አንዱን፣ 165 የሚባለውን፣ ለይቶ ነው የሚይዘው። ይህ መራጭነት እንደ ብልጫ ይቆጠር ነበር። በ2006 ራኒቢዙማብ መጣ። እሱ የአንቲቦዲ ቁራጭ ነው፤ ሁሉንም የቪኢጂኤፍ ኤ ዓይነቶች ይይዛል። ፔጋፕታኒብ የእይታን መቀነስ ሲያዘገይ፣ ራኒቢዙማብ ብዙ ሰው ላይ እይታን አሻሻለ። ቤቫሲዙማብ የተባለው ለአንጀት ካንሰር የተሠራ አንቲቦዲም በትንሹ እየተቀዳ ለዓይን ይሰጥ ጀመር፤ ዋጋውም እጅግ ዝቅ ያለ ሆነ። ፔጋፕታኒብ ከገበያ ወጣ። ሁለተኛው የተፈቀደው አፕታመር አቫሲንካፕታድ ፔጎል ነው፤ ነሐሴ 2023፣ እሱም ለዓይን ነው።

ሁለቱም ለዓይን መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ዓይን የተዘጋ ቦታ ነው። የተወጋው በቀላሉ አይታጠብም፣ የሚያስፈልገውም መጠን ትንሽ ነው። ፔጋፕታኒብ በአንድ መርፌ 0.3 ሚሊግራም ብቻ ነበር። አፕታመር የሚቸገርባቸው ሁለቱ ጠላቶች፣ ኩላሊትና ደም ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ እዚያ ደካማ ናቸው።

ካንሰር ላይስ? ኤኤስ 1411 የተባለ አፕታመር አለ። 26 ፊደል ነው፣ ሁሉም ጂ እና ቲ ብቻ። አራት ክር ያለው ጠንካራ ቅርጽ ስለሚሠራ ኑክሊዬዝን በደንብ ይቋቋማል። ኑክሊዮሊን የተባለውን ፕሮቲን ይይዛል። የኩላሊት ካንሰር የተስፋፋባቸው 35 ታካሚዎች ላይ ተሞከረ። ዕጢው በግልጽ የቀነሰው አንድ ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ረጅም ጊዜ ተጠቅሟል፤ እንደ መድኃኒት ግን በቂ አልሆነም። እስከ አሁን ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ አፕታመር የለም።

አንቲቦዲን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ሪቱክሲማብ በ1997፣ ትራስቱዙማብ በ1998 ተፈቀዱ። ሁለቱም በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። አንቲቦዲ ከመጣበቅ ያለፈ ሥራ አለው፤ ጭራው የሰውየውን የራሱን የመከላከያ ሴሎች ይጠራል። አፕታመር ይህ ጭራ የለውም። ትንንሾቹም ቢሆኑ እጃቸው አጭር አይደለም። ዶታቴት ከሉቴሺየም 177 ጋር በጥር 2018፣ ለፒኤስኤምኤ የተሠራው ትንሽ ሞለኪውል ደግሞ በመጋቢት 2022 ለሕክምና ተፈቅደዋል። መጀመሪያ በጋሊየም 68 ያዩታል፣ ከዚያ በዚያው መንገድ በሉቴሺየም ይመቱታል። አፕታመርም አንድ ቀን እዚህ ይደርሳል ብለው የሚደክሙ አሉ። ጨረር ተሸክሞ በኩላሊት የሚወጣ ነገር ግን ኩላሊትን ራሱን ሊጎዳ ስለሚችል መንገዱ ቀላል አይደለም።

አፕታመርን ለሕክምና የምወድበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። ማርከሻው ከራሱ ይወጣል። ክሩ የታወቀ ስለሆነ፣ ተቃራኒ ጥንዱን ሠርቶ ማስገባት ነው። ጥንዱ ይይዘዋል፣ ቅርጹ ይፈርሳል፣ ሥራው ይቆማል። ይህ ሐሳብ ፔግኒቫኮጂን የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ አፕታመር ላይ ከነማርከሻው ሰው ላይ ተሞክሯል። ለልብ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ሙከራው ግን በ2014 ተቋረጠ። ጥቂት ታካሚዎች ከባድ የአለርጂ ቁጣ ደረሰባቸው። ጥፋቱ የክሩ አልነበረም። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ለፔግ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ደማቸው ውስጥ ነበራቸው። ኩላሊትን ለማምለጥ የተለጠፈው ነገር ሌላ በር ከፈተ። ስለዚህ ፔግ ያለበት ንድፍ ስታቀርቡ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ፈታኝ እንዳለ አስባችሁ ግቡ።

ወሎ ላይ ለሚጀምር ተመራማሪ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ልጆቻችን ምርጫው በእጃቸው ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ አንቲቦዲ ይዞ መሥራት ማለት ቀዝቃዛ ሰንሰለት መጠበቅ ማለት ነው። ከውጭ ይታዘዛል፣ በበረዶ ይመጣል፣ ጉምሩክ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ የደሴ መንገድ አለ። ደርሶም መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል፤ አሟሙቆ ማቀዝቀዝ ፕሮቲኑን ይገድለዋል። ላብራቶሪዎቻችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ምን ያህል ዕቃ እንዳጡ ደግሞ የምናውቀው ነው። የዲኤንኤ አፕታመር ግን እንደ ማንኛውም የፒሲአር ፕራይመር (ለፒሲአር የሚታዘዝ አጭር ዲኤንኤ) ደርቆ ነው የሚመጣው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ በክፍል ሙቀት ሳምንታት ቢቆይ አይበላሽም። አርኤንኤ ከሆነ ግን ይጠንቀቁለት። ፊደሉን መጻፍ፣ ጫፉ ላይ የሚለጠፈውን ቀለም መምረጥ፣ ማዘዝ ነው። ከዓመት በኋላ ስታዝዙም ያንኑ ነው የምታገኙት፤ አንቲቦዲ ላይ ግን አንዱ ምርት ከሌላው ሲለይ ሥራ የሚበላሽበት ጊዜ አለ።

ትዩቡ ሲደርስ ባዶ ይመስላል። አይደለም። ታች ጥጉ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ደረቅ ነገር አለ። ሳታሽከረክሩት ክዳኑን ከከፈታችሁ ሊበን ይችላል። መጀመሪያ ሴንትሪፊውጅ፣ ከዚያ መክፈት። የሚያበራ ቀለም ካለው በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉት።

ቀጥሎ ማጠፍ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ነው። አፕታመሩ ተበጥብጦ እንደተቀመጠ ትክክለኛ ቅርጹ ላይ ላይሆን ይችላል። የተለመደው አሠራር 95 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው። ደሴ ላይ ግን የፈላ ውኃ 95 አይደርስም። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውኃ 92 አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁም 94 ቢሆን ነው። ስለዚህ ዋተር ባዝ ላይ አትመኩ፤ ፒሲአር ማሽኑን ተጠቀሙ። ጨዉንም አትርሱ። ጂ የሚበዛባቸው እንደ ኤኤስ 1411 ያሉት ፖታሲየም ይፈልጋሉ። ሌሎቹ ማግኒዚየም ከሌለ ቅርጽ አይይዙም። አፕታመሩ መጀመሪያ የተመረጠበት በፈር (የጨው ውኃ ድብልቅ) ምን እንደነበር ከዋናው ጽሑፍ አውጥታችሁ እሱኑ ሥሩ። ሙቀቱንም እዩ፤ በ4 ዲግሪ የተመረጠ ክር በሰውነት ሙቀት ሊለቅ ይችላል።

በምን ይጀመር ላላችሁ፣ እኔ የምለው በትሮምቢን አፕታመር ነው። 15 ፊደል ብቻ ነው፣ በ1992 የታተመ፣ በጣም የተጠና። ትሮምቢን ደም የሚያረጋ ኢንዛይም ስለሆነ፣ ማጠፋችሁ ትክክል ከሆነ ፕላዝማው ለመርጋት ይዘገያል። ሰዓት ይዞ ማየት ይቻላል። ይህ ምስል አይደለም፤ ግን እጃችሁ መግባቱን ያሳያችኋል። ከዚያ ኤኤስ 1411ን ወይም ኤስጂሲ 8ን በአረንጓዴ ቀለም አስለጥፋችሁ ወደ ሴል ማለፍ ነው። የሚያበራውን ቀለም የሚያሳይ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ከየት ይምጣ? ለቲቢ አክታ ምርመራ የሚያገለግለው ባለ ኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚጠቀም፣ ማጣሪያው ከቀለማችሁ ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋግጣችሁ ልትሞክሩበት ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር ሳይሠራ ውጤት አትጻፉ። አንደኛው ማነጻጸሪያ ክር ነው፦ ርዝመቱ እኩል፣ ቀለሙ ያው፣ ፊደሉ ግን የተዘበራረቀ። እሱም እኩል ካበራ የያዛችሁት ዒላማውን አይደለም። የሞቱ ሴሎች ማንኛውንም ዲኤንኤ ወደ ውስጥ ስለሚስቡ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ሁለተኛው የሴረም (ደም ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ) ፈተና ነው። አፕታመሩን ሴረም ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ በዜሮ፣ በአንድ፣ በአራት፣ በ24 ሰዓት ናሙና አውጥታችሁ ክሮችን በርዝመት የሚለየው ጄል ላይ አስኪዱ። መስመሩ እየሳሳ ሲሄድ መቼ እንደተቆራረጠ ታያላችሁ። ፒሲአርና ጄል ያለው ላብራቶሪ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል። አንድ ሰዓት የማይቆይ ክር ለሕክምና አይሆንም፤ ለአጭር ምስል ግን ሊበቃ ይችላል። የመጀመሪያ ምርጫችሁን የሚወስንላችሁ ይህ ጄል ነው።

ፔፕታይድ በመካከል ነው። እሱም ደርቆ ይመጣል፣ ይታዘዛል፣ ጥሩ ነው። ግን አዲስ ፔፕታይድ መፈለግ ሌላ ዓይነት ቤተ መጻሕፍትና ሌላ ሙያ ይጠይቃል። ሴሌክስ የሚጠይቀው በዋናነት ፒሲአር ነው። የተመረጠውን ክር ማንበቢያ ሲኩዌንሲንግ ወደ ውጭ መላክ ይቻላል።

ስለዚህ የታወቀ፣ ትንሽ ሞለኪውል ያለው ዒላማ ይዛችሁ ምስል ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ያንኑ ትንሹን ምረጡ። ዒላማው አዲስ ከሆነ ወይም ገና ካልታወቀ፣ አፕታመር። የታካሚን ሕይወት ነገ የሚለውጥ ሕክምና ከሆነ፣ አንቲቦዲ። ማርከሻ የሚያስፈልገው ነገር ከሆነ ደግሞ እንደገና አፕታመር።

ሕመምተኛ ላለባችሁ

አብሽሩ፤ አጭር ነው መልሴ። ለካንሰር የተፈቀደ የአፕታመር መድኃኒት ዛሬ የትም አገር የለም። "አለን፣ ክፈሉ" የሚል ሰው ከመጣ በሬያችሁን አትሽጡ። ቤተሰባችሁ ውጭ አገር ካለና በሙከራ ስለመሳተፍ ከሰማ፣ ሙከራው ከታካሚ ገንዘብ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። የመድኃኒት ሙከራ በመደበኛው አሠራር ለሚሞከረው መድኃኒት ታካሚን አያስከፍልም።

የታለመ ሕክምና ግን አለ፤ የሚጀምረውም ከናሙና ምርመራ ነው። የጡት ካንሰር ከሆነ ሐኪሙን "የኸርቱ ምርመራ ተሠርቷል ወይ? የሆርሞን ተቀባይስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ትራስቱዙማብ የሚሠራው ኸርቱ የተባለው ፕሮቲን ለበዛባት ሴት ብቻ ነው። የሆርሞን ተቀባይ ያላት ደግሞ ታሞክሲፌን በመሰለ በሚዋጥ ኪኒን ትታከማለች፤ እሱም የታለመ ሕክምና ነው። የታይሮይድ ካንሰር ከሆነ በጨረር አመንጪ አዮዲን ስለመታከም ጠይቁ። የእናታችሁ ወይም የአባታችሁ እይታ ከመሃል እየደበዘዘ፣ ቀጥ ያለ መስመር እየተጣመመ ከታያቸው፣ ሞራ ነው ብላችሁ አትዘግዩ። ቶሎ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷቸው። ለእርጥቡ ዓይነት የሚሰጠው ቤቫሲዙማብ በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ለዓይን ተመዝግቧል፤ የሚጠቅመውም ቶሎ ሲጀመር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ብሎክም የት እንዳለ ጠይቁ። አዲስ አበባ ስትላኩ የተቀባይ ምርመራው የሚሠራው ከዚያ ብሎክ ላይ ነው። ብሎኩ ከሌለ እንደገና ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል።